ትዕይንቱን አትጨፍልቁት

በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የልጆች መማሪያ ከአሥር ዓመት በኋላ የማይከፈት፣ የማይታረም፣ ወደ ሌላ ቋንቋ የማይመለስ ከሆነ ተዘርፈናል። ቃሉ ከበደ የሚለኝ ካለ ሌላ ቃል ያምጣልኝ፤ እኔ ፈልጌ አጥቻለሁ። ዘራፊው አጥር ዘሎ የገባ አይደለም። በጨረታ ተወዳድሮ፣ ውል ፈርሞ፣ ርክክብ ፈጽሞ፣ ክፍያውን በቼክ ተቀብሎ የወጣ ነው። ያስረከበን አንድ የታሸገ ፋይል ብቻ ነው። ሥራው እሱ ዘንድ ቀርቷል።

ሥራው የምለው ምኑን ነው? አንድ መስተጋብራዊ ትምህርት ውስጥ ጽሑፍ አለ፣ ድምፅ አለ፣ ሥዕል አለ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር አለ፣ ተማሪው የሚነካው ቁልፍ አለ። እነዚህ ሁሉ ተለያይተው ቢቀመጡ ትምህርት አይሆኑም። ትምህርት የሚያደርጋቸው የቱ የት እንደሚቀመጥ፣ የቱ መቼ እንደሚጀምር፣ ይህ ሲነካ ያ ምን እንደሚሆን የሚናገረው ክፍል ነው። ባለሙያዎች የትዕይንት መግለጫ ይሉታል። የመልቲሚዲያ ሥራ ነፍሱ እሱ ነው። መግለጫው በይፋ በታወቀና ማንም ሊያነበው በሚችል ስታንዳርድ ከተጻፈ፣ ሠሪው ቢሞት፣ ኩባንያው ቢከስር፣ ኮምፒውተሩ ቢለወጥ ሥራው ይኖራል። ተጨፍልቆ ቪዲዮ ከሆነ ግን፣ ወይም አንድ ሶፍትዌር ብቻ በሚከፍተው ሣጥን ውስጥ ከተቆለፈ፣ እጃችን ላይ ያለው የታሸገው ፋይል ብቻ ነው። የተጋገረ እንጀራ ተመልሶ ሊጥ አይሆንም፤ የተጨፈለቀ ትዕይንትም እንዲሁ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ሁሉ የሆነው መፍትሔው ጠፍቶ አለመሆኑ ነው። መፍትሔው ከተገኘ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል። (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) በ1994 ጄኔቫ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የዓለም አቀፍ ድር ጉባኤ፣ ሦስት ገጽታ ያለውን ትዕይንት በተራ ጽሑፍ የሚገልጽ ቋንቋ ይኑረን ተባለ። ቪአርኤምኤል ተወለደ፤ በ1997 የአይሶ ስታንዳርድ ሆነ። የፋይሉ የመጀመሪያ መስመር ራሱ ጽሑፉ በዩቲኤፍ-8 መጻፉን ይናገራል። የየትኛውንም ሕዝብ ፊደል ለመቀበል በሩን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ የከፈተ ቋንቋ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ ስሚል መጣ። የድር ስታንዳርዶችን የሚያወጣው ደብሊውስሪሲ በሰኔ 1998 አጸደቀው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ያጣነው ምን እንደሆነ ወለል ብሎ የሚታየው እዚህ ነውና።

የስሚል ፋይል ተራ ጽሑፍ ነው፤ በኖትፓድ ከፍታችሁ ታነቡታላችሁ። ስለ ደም ዝውውር የሚያስተምር አንድ ትምህርት እናስብ። ‹ሴክ› የሚል ምልክት አለ፤ በውስጡ የገባው ሁሉ ተራ በተራ ይሄዳል። ‹ፓር› የሚል አለ፤ በውስጡ የገባው እኩል ይጀምራል። የልቡ ሥዕልና የመምህርቷ ድምፅ ፓር ውስጥ ናቸው። ድምፁ ከጀመረ ከአራት ሰከንድ በኋላ የደም ቅዳው ስም በሥዕሉ ላይ ይውጣ ተብሎ በአንድ መስመር ተጽፏል። ስሙ የተጻፈው በፊደል ነው፤ ሥዕል ውስጥ የቀለጠ አይደለም። ስለዚህ ይፈለጋል፣ ይገለበጣል፣ ይታረማል፤ ማየት ለተሳነው ተማሪ በድምፅ ይነበባል።

ከዚያ ‹ስዊች› የሚባለው ይመጣል። በስዊች ሥር ሦስት አራት መስመር ይደረደራል፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ የድምፅ ፋይል ይጠራል፣ ከጎኑም ይህ ድምፅ ለየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ይጻፋል። ለአማርኛ ይህ፣ ለኦሮምኛ ይህ፣ ለትግርኛ ይህ። ማጫወቻው የተጠቃሚውን የቋንቋ ምርጫ አይቶ የሚስማማውን ያወጣል። ዛሬ ሶማልኛ ባይኖራችሁ ከአምስት ዓመት በኋላ ድምፁን ቀርጻችሁ አንድ መስመር ትጨምራላችሁ። ሥዕሉ አይነካም፣ እንቅስቃሴው አይነካም፣ ፕሮግራም ሠሪ አይቀጠርም። ልብ በሉ፤ ይህ የተጻፈው በ1998 ነው። እኛ ግን ዛሬም ለእያንዳንዱ ቋንቋ ቪዲዮውን እንደ አዲስ እያሠራን፣ እንደ አዲስ እየከፈልን ነው።

ከስሚል ቀጥሎ ኤምፔግ-4 መጣ። ስሙ ሲጠራ አብዛኛው ሰው ትዝ የሚለው ስልኩ ውስጥ ያለው የቪዲዮ ፋይል ነው። የስታንዳርዱ ትልቁ ሐሳብ ግን ቪዲዮ አልነበረም። ጣሊያናዊው መሐንዲስ ሊዮናርዶ ኪያሪሊዮኔ ይመራው የነበረው ኤምፔግ የተባለው ኮሚቴ ቪአርኤምኤልን መሠረት አድርጎ ቢፍስ የሚባል የትዕይንት መግለጫ አዘጋጀ። በቢፍስ ዓይን የእግር ኳስ ሥርጭት አንድ ጠፍጣፋ ምስል አይደለም። ሜዳው ለብቻው፣ የተንታኙ ድምፅ ለብቻው፣ ውጤቱን የሚያሳየው ሠንጠረዥ ለብቻው ይመጣሉ። መግለጫው እነዚህን ያያይዛል። አስተላላፊው ሥርጭት ላይ እያለ አንዱን አስገባ፣ ያንን አንሣ፣ ይህን በዚያ ተካ ብሎ ማዘዝ ይችላል፤ ተመልካቹም ድምፁን መቀየር፣ ሠንጠረዡን መንካት ይችላል። ሕልም እንዳይመስላችሁ፤ ደቡብ ኮሪያ በ2005 መጨረሻ ለእጅ ስልኮች የጀመረችው የቴሌቪዥን ሥርጭት ስታንዳርዱ ውስጥ ቢፍስን አካቶ ነበር።

ኤምፔግ-4 ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ የሆነው በ1999 ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ፣ የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ስታንዳርድ የሆነው ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ የግዕዝ ፊደል ገባበት። ከዚያ በፊት የነበረውን ዘመን የጻፈበት ሰው አይረሳውም። እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ አቀማመጥ ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናል። ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት የጋዜጣ መዝገብ፣ ስንት የፍርድ ቤት ውሳኔ በዚያ ዘመን ፎንት ታስሮ ቀርቷል! ስታንዳርድ ማጣት ምን እንደሚያስከፍል በራሱ ፊደል ላይ ያየ ሕዝብ ነን። ይህን ያየ ሕዝብ ልጆቹ የሚማሩበትን ትዕይንት ለአንድ ኩባንያ ሣጥን አሳልፎ ሲሰጥ ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

አሁን ወደ ፕላዝማው ልምጣ። በ2004 የኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት እየተላለፈ በፕላዝማ ቴሌቪዥን የሚታይ ትምህርት ጀመሩ። ትምህርቶቹ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በእንግሊዝኛ ተቀርጸው ነበር። በዚያ ክፍል የተቀመጠ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ። የፕላዝማው መምህር ጥያቄ ይጠይቃል፣ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ተማሪው እርሳሱን ሳያነሣ መልሱ ይመጣል። እኩልታው ሰሌዳው ላይ ይወጣል፤ ግማሹ ተገልብጦ ሳያልቅ ይጠፋል። በሥጋ የቆመው መምህር መግቢያና መዝጊያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ተሰጥቶት፣ በመሐል ጥግ ይዞ ከተማሪዎቹ ጋር ይመለከታል። ቁም ማለት አይችልም። መልሰህ ድገምልኝ ማለት አይችልም። መብራት ከጠፋ የዚያ ቀን ትምህርት አለፈ።

ብዙ ሰው ጥፋቱን በቴክኖሎጂው ላይ ይደፈድፋል። እኔ አልስማማም። ጥፋቱ ጨፍላቂው ላይ ነው። እኩልታው ጽሑፍ ነበር፤ ወደ ምስል ተቀየረ። ድምፁ ለብቻው ተቀርጾ ነበር፤ ከምስሉ ጋር ተጣበቀ። ጥያቄውና መልሱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ፤ በመሐላቸው ያለው ጊዜ በመምህሩ እጅ መሆን ሲገባው በካሴት ላይ ተቸነከረ። ትዕይንትን በየክፍሉ ለይቶ የሚይዝ ስታንዳርድ ከጸደቀ አምስት ዓመት አልፎት ነበር።

የዚያ ዘመን መቀበያ መሣሪያ ውድ ነበር፣ በየትምህርት ቤቱ እንዲህ ያለውን ማስገባት አይቻልም ነበር ይሉኛል። እሺ፣ ይሁን። ሥርጭቱ ጠፍጣፋ ይሁን። መዝገቡስ? እነዚያ ትምህርቶች ጽሑፋቸው ለብቻ፣ ድምፃቸው ለብቻ፣ መግለጫቸው ለብቻ ሆኖ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ ዛሬ በስልክ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ መምህሩ በፈለገው ፍጥነት ይሠሩ ነበር። የተከፈለበት የፊዚክስና የሒሳብ ሥራ ሁሉ ለአንድ ሥርዓተ ትምህርት ዕድሜ ብቻ ባልዋለ ነበር። ይህን ለማድረግ ተጨማሪ መሣሪያ አያስፈልግም ነበር፤ ውሉ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይበቃ ነበር።

እነዚህን ስታንዳርዶች ማን አዳከማቸው? ስግብግብነት ነው ያዳከማቸው፤ ስሙን ቀይሬ አላለሰልሰውም። በ2002 መጀመሪያ የኤምፔግ-4 ቪዲዮ ፓተንት ባለቤቶችን የሚወክለው ኤምፔግ ኤልኤ ዋጋውን አወጣ፤ በእያንዳንዱ ማጫወቻ 25 የአሜሪካ ሳንቲም፣ በዚያ ላይ የሚከፈልበት ይዘት በታየ ቁጥር በየሰዓቱ 2 ሳንቲም። አፕል ክዊክታይም የተባለውን ማጫወቻውን በአዲስ አዘጋጅቶ ሲያበቃ፣ ይህ ውል ካልተስተካከለ አላወጣም ብሎ ለወራት ያዘው። ውሉ በኋላ ተሻሻለ። ክፍያው የተጠየቀው በቪዲዮው ኮድ ላይ እንጂ በትዕይንት መግለጫው ላይ አልነበረም፤ ጥርጣሬው ግን የስታንዳርዱን ቤተሰብ በሙሉ ነካው። ነገ ማን ምን ያስከፍለኛል እያለ የሚሰጋ ሰው በዚያ መሠረት ላይ ቤት አይሠራም።

የኤምፔግ ኮሚቴም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ስታንዳርዱን እንደ ተራራ ቆለሉት። ለመምህር፣ ለጋዜጠኛ፣ ለትንሽ ስቱዲዮ የሚሆን የማዘጋጃ መሣሪያ ግን ሳይደርስ ቀረ። ፓሪስ የሚገኘው የቴሌኮም ትምህርት ቤት ውስጥ ጂፓክ የሚባል በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ባይሠራ ኖሮ ቢፍስን በዓይኑ ያየ ሰው ከዚህም ባነሰ ነበር።

ፍላሽ የሚባለው የመስተጋብራዊ ትዕይንት መሥሪያ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ለመሥራት ቀላል ነበር፣ ውብ ነበር፣ አልክድም። ግን የአንድ ኩባንያ፣ የማክሮሚዲያ፣ ነበር። ሌላው ኩባንያ አዶቤ ደግሞ ኤስቪጂ ለሚባለው ክፍት የሥዕልና የእንቅስቃሴ ስታንዳርድ ቀድመው ከተሰለፉት አንዱ ነበር፤ ማሳያውንም በነፃ ያድል ነበር። በ2005 ማክሮሚዲያን ከነፍላሹ ገዛ። በ2009 መጀመሪያ የኤስቪጂ ማሳያውን መደገፍ አቆመ። ማይክሮሶፍትም በ2001 የጸደቀውን ኤስቪጂ ወደ ብራውዘሩ ያስገባው በ2011 ነው፤ አሥር ዓመት ሙሉ! በዚያ አሥር ዓመት ውስጥ የዓለም ልጆች መማሪያ በፍላሽ ተሞላ። ከዚያ በ2017 አዶቤ ፍላሽ ሊሞት ነው አለ፤ በ2020 የመጨረሻ ቀን ድጋፉን አቆመ፤ በጥር 2021 አጋማሽ ደግሞ ማጫወቻው ራሱ ይዘቱን አላጫውትም እንዲል ተደረገ።

እኔ የነበርኩበትን አንድ ሥራ ልንገራችሁ። የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም። የፊደል ማስተማሪያ ሲዲ ነበር። ልጁ ‹ሀ›ን ሲነካ እጅ መጥቶ አጻጻፉን በጭረት በጭረት ያሳያል፤ የአንዲት አንጋፋ መምህርት ድምፅ ያነበዋል፤ ልጁ በጣቱ ተከትሎ ይጽፋል። እንዴት ያለ ሥራ መሰላችሁ! የጭረቱን ቅደም ተከተል ለመወሰን የቁም ጽሕፈት የሚያውቁ ሽማግሌ ተጠርተው ነበር። በኋላ ሁለት ስሕተት እንዲታረምና የኦሮምኛ ማብራሪያ እንዲጨመርበት ሲጠየቅ ምንጩ ፋይል ተፈለገ። የለም። ያስረከቡት የተጠናቀቀውን የፍላሽ ፋይል ብቻ ነው። አዘጋጁ ድርጅት ተበትኗል። ንብረት ክፍል ሄደን ‹‹ምንጩ የት አለ?›› ስንል፣ ‹‹ርክክቡ ተፈጽሟል፣ ሰነዱ ይኸው›› አሉን። ማኅተሙ በደንብ ይነበባል፤ ትምህርቱ ግን አይከፈትም። የመምህርቷ ድምፅ፣ የሽማግሌው የጭረት ቅደም ተከተል፣ ሁሉም ሣጥኑ ውስጥ አለ።

ዛሬ በጎ ፈቃደኞች ራፍል የሚባል ማስመሰያ ሠርተው የፍላሽ ሥራዎችን እያስነሡ ነው፤ ኢንተርኔት አርካይቭም ከ2020 ኅዳር ጀምሮ በዚሁ መንገድ ብዙ ሥራ አኑሯል። እግዚአብሔር ይስጣቸው። የሚያድኑት ግን መታየቱን ነው። መታረሙን፣ መተርጎሙን አይመልሱልንም።

‹‹አሁን እኮ ብራውዘሩ ሁሉን ይችላል፤ በጃቫስክሪፕት እንሠራዋለን›› የሚሉኝ ወጣት ባለሙያዎች አሉ። ጎበዞች ናቸው፤ እወዳቸዋለሁም። ግን መግለጫና ፕሮግራም አንድ አይደሉም። መግለጫ ‹ድምፁ ከጀመረ ከአራት ሰከንድ በኋላ ይህ ስም ይታያል› ይላል፤ ሃያ ዓመት ቆይቶ የሚያነበው ሰው ትርጉሙን ያገኘዋል፣ ሌላ ማሽንም ያነበዋል። ፕሮግራም ግን ስሙ እንዲታይ የሚያደርጉ ትእዛዞች ክምር ነው። ትእዛዞቹ ሌሎች ሰዎች በጻፏቸው ቤተ መጻሕፍት ላይ ተንጠልጥለዋል፤ እነዚያ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በየጊዜው ይለወጣሉ። ትምህርቱ ኮዱ ውስጥ ተበትኖ ይቀራል። ጽሑፉን ከኮዱ ነቅሎ ለተርጓሚ ለመስጠት ስንት ቀን እንደሚፈጅ የሞከረ ያውቀዋል። ፕሮግራም አትጻፉ አልልም፤ ትምህርቱን ግን ፕሮግራሙ ውስጥ አትቅበሩት። ፕሮግራሙ መግለጫውን የሚያነብ ማጫወቻ ይሁን፤ ሲያረጅ እሱ ይጣል።

‹‹ቪዲዮ ይበቃል፣ ሰዉ የሚያየው በቴሌግራምና በዩቲዩብ ነው›› ለሚሉት መልሴ አጭር ነው። ቪዲዮ ከመግለጫው ይወጣል፤ መግለጫ ከቪዲዮ አይወጣም። ቪዲዮውን አውጡና በትኑ፣ ማንም አይከለክላችሁም። የመረጃ ጥቅል በሜጋባይት ቆጥሮ ለሚገዛ ተማሪ ግን ጽሑፉ በጽሑፍነቱ፣ ሥዕሉ በመስመርነቱ ሲላክለት የሚወስደው ሜጋባይት ከቪዲዮው ጋር አይወዳደርም፤ ቪዲዮውን ስታወጡ ስለ እሱ ኪስም አስቡ።

ስታንዳርዶቹ ሞተዋል የሚል ሰው ደግሞ ዓይነ ስውራንን ይጠይቅ። ዴይዚ የሚባለው የድምፅ መጽሐፍ ስታንዳርድ ጽሑፉንና ድምፁን ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር የሚያያይዘው በስሚል ነው። ከ2011 ጀምሮ ኢፐብ 3 የሚባለው የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ስታንዳርድም ድምፅን ከጽሑፍ የሚያጣምረው በዚሁ ነው። ቀደም ሲል በስልካችሁ የላካችሁት የፎቶ መልእክት እንኳ በውስጡ ትንሽ የስሚል ፋይል ይዞ ይሄድ ነበር። ስሚል የኖረው ጥቅሙን የሚያውቁ ሰዎች አንለቅም ስላሉ ነው። ጉግል በ2015 ክሮም ውስጥ የኤስቪጂን የስሚል እንቅስቃሴ ሊያስቀር ማሰቡን ሲያስታውቅ ሠሪዎች ጮኹ፤ በ2016 ሐሳቡን ገታው። ጩኸት ይሠራል።

አሁንም ያው ዙር እየመጣ ነው። በዓይን ላይ የሚጠለቁ መሣሪያዎች መጥተዋል፤ ሦስት ገጽታ ያላቸው ትምህርቶች፣ ሙዚየሞች፣ የሕክምና ልምምዶች እየተሠሩ ነው። ጂኤልቲኤፍ የሚባል ክፍት የትዕይንት ስታንዳርድ አለ፤ በ2022 የአይሶ ስታንዳርድ ሆኗል፣ ኤምፔግም አዲሱን የትዕይንት መግለጫውን በእሱ ላይ ገንብቷል። ፒክሳር በ2016 በነፃ የለቀቀው ዩኤስዲ የሚባል የትዕይንት መግለጫም አለ። የላሊበላን ቤተ መቅደሶች በሌዘር ቀርጸን ለትውልድ እናኑር የሚል ሁሉ ይህን ጥያቄ ከመጀመሪያው ቀን ይመልስ፦ ትዕይንቱ የሚቀመጠው በምን ነው? በአንድ ኩባንያ መተግበሪያ ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ ያ መተግበሪያ ከስልክ መደብሩ የወረደ ቀን የቀረጻችሁት ሁሉ አብሮት ይወርዳል።

ስለዚህ በዚህ ዓመት ለዲጂታል መማሪያ ዝግጅት ቢጋር የምትጽፉ፣ የጨረታ ሰነድ የምታዘጋጁ፣ በዕርዳታ ገንዘብ የምታሠሩ ሁሉ፣ ይህን ውሉ ውስጥ አስገቡ። ጽሑፉ በዩኒኮድ ለብቻው ይሰጠን። ድምፁ በየቋንቋው ለብቻው፣ ሥዕሉ ሳይጨፈለቅ ለብቻው ይሰጠን። ሁሉን የሚያያይዘው መግለጫ በይፋ በታተመና ክፍያ በማይጠየቅበት ስታንዳርድ ተጽፎ ይምጣ። በርክክቡ ቀን አቅራቢው እጁን አጣጥፎ ይቀመጥ፤ የእሱ ሶፍትዌር ባልተጫነበት ኮምፒውተር ላይ የእናንተ ሰው ፋይሉን ይክፈት፣ አንድ ቃል ያርም፣ አንዱን ድምፅ አውጥቶ በሌላ ይተካ፣ መልሶ ያጫውት። ይህ ካልሆነ አትፈርሙ፤ የመጨረሻውንም ክፍያ አትልቀቁ።